የኦክስጅን መለኪያዬ «ደህና ነው» ይላል፤ ዓሦቹ ግን እየሞቱ ነው

መራዊ_ዳር · መጋቢት 3፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ከመራዊ ወጣ ብሎ በቆጋ መስኖ ቦይ አጠገብ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ማርባት ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ጥልቀቱ አንድ ሜትር ነው። ከኩሬው በላይ በእንጨት ርብራብ የሠራሁት የዶሮ ቤት አለ፤ ኩሱ በቀጥታ ውሃው ላይ ይወድቃል፣ ውሃው ያረንጉዳል፣ ዓሣው አረንጓዴውን ይበላል። እስካሁን ነገሩ ሁሉ ያማረ ነበር።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ በእጅ የሚያዝ የኦክስጅን መለኪያ አስመጣሁ። ዋጋውን ባልናገር ይሻላል፤ ባለቤቴም ይህን መድረክ ታነባለች። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ እለካለሁ፤ አንድም ቀን በሊትር ከ8 ሚሊግራም ወርዶ አያውቅም። ትናንት 9.2 አለኝ። መጽሐፉ ከ5 በላይ ጥሩ ነው ይላል።

ግን ሰኞ ጠዋት 11 ዓሣ ሞቶ ተንሳፎ አገኘሁ። ማክሰኞ 7። ዛሬ 23። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆን? ወይስ በሽታ ነው?

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ከኩሬው በታች ባለው ሁለት ቃዳ (ግማሽ ሄክታር) የመስኖ ስንዴ ላይ የተከልኩት የአፈር እርጥበት መለኪያ «ደረቅ ነው፣ አጠጣ» እያለ ይጮኻል። ቆሜ የማነብበት ቦታ ግን ጭቃው ጫማዬን ይነጥቀኛል። ማንን ልመን?

የጣና_ልጅ · መጋቢት 3፣ ምሽት 3፡15

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ አይዞህ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ጥቂት ነገሮች ልጠይቅህ። የሞቱት ትልልቆቹ ናቸው ወይስ ትንንሾቹ? ጎህ ሲቀድ ኩሬው ዳር ቆመህ ታውቃለህ? ዓሦቹ ውሃው ገጽ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ? ዶሮዎቹ ስንት ናቸው? ሰማዩስ ሰሞኑን ደመና ነበር?

መለኪያውንም ክፈተውና ከቅንብሮቹ ውስጥ «ከፍታ» ወይም «የአየር ግፊት» የሚል ፈልግ። ስንት ተሞልቷል?

መራዊ_ዳር · መጋቢት 3፣ ምሽት 3፡50

ትልልቆቹ ናቸው እህቴ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ከባሕር ዳር ያመጣኋቸው የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ለገበያ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሞቱ። በኋላ ኩሬው ውስጥ የተፈለፈሉት ትንንሾቹ ምንም አልሆኑም። ጎህ ሲቀድ ወርጄ አላውቅም። ዶሮዎቹ 60 ናቸው። ከእሑድ ጀምሮ ደመና ነው፣ ዝናብ ግን የለም። ከፍታው «0» ይላል። እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው፤ እኔ አልነካሁትም።

የጣና_ልጅ · መጋቢት 3፣ ምሽት 4፡30

እንግዲያው መለኪያህ አልተበላሸም። ሰዓቱ ነው የተሳሳተው።

ውሃህን ያረንጎደው ደቂቅ ተክል ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል። ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ እሱም ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ ከሥር የሚበሰብሰው ኩስም ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ ኩሬው ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ሌሊቱን ሙሉ ይበላል። ጫፍ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሚሟጠጠው ከሌሊቱ 11 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። አንተ የምትለካው ጎተራው ሙሉ ሲሆን ነው። ደመና ሲሆን ደግሞ ቀን የሚገባው ያንሳል፣ ሌሊት የሚወጣው ግን አይቀንስም። እሑድ ደመና፣ ሰኞ ጠዋት ሞት፤ ሰንሰለቱ ይኸው ነው። ትልልቆቹ ቀድመው መሞታቸውም ምልክቱ ነው። መርዝ ወይም አሞኒያ ቢሆን ኖሮ ጫጩቶቹ አይተርፉም ነበር።

አሁን ወደ «0»ው። አንተ ያለኸው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ እንኳ አይሞላም፤ ውሃ ከአየር የሚወስደው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። 22 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 8.7 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ መራዊ ላይ 6.8 አካባቢ። መለኪያህ አየር ላይ ሲስተካከል «ይህ አየር የባሕር ዳርቻ አየር ነው» ብሎ ስለሚያስብ ሁሉን ከሩብ በላይ አስበልጦ ይነግርሃል። ትናንት ያነበብከው 9.2 በእውነት 7.2 ነው። ይህ ቀን ላይ ለውጥ አያመጣም። ሌሊት 4 ሲልህ ግን 3.1 ነው፤ ያኔ ነው የሚያታልልህ።

እኔ ይህን የተማርኩት በራሴ ኩሬ ነው። የሸጠልኝ ድርጅት ስለ ከፍታ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ነገ የምታደርገውን ልንገርህ። ከፍታውን 2,000 ብለህ አስተካክል። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ለካ፤ ከዚያ አራት ሰዓት ላይ ድገም። ሁለቱን ቁጥሮች በባለአራት ማዕዘን ወረቀት ላይ ነጥብ አድርገህ በማስመሪያ አገናኝና መስመሩን እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳበው። በሌሊት ኦክስጅኑ የሚወርደው በቀጥታ መስመር አቅራቢያ ስለሆነ ማስመሪያው የት እንደሚያደርስህ ያሳይሃል። መስመሩ ከ2 በታች ካወረደህ አትተኛ።

ዶሮዎቹን ደግሞ ቀንስ። ለ150 ካሬ ሜትር ኩሬ 15፣ ቢበዛ 20 ዶሮ ይበቃል። 60 ዶሮ ያለው ኩሬ ማዳበሪያ አልገባበትም፤ ማዳበሪያ ሆኗል።

ሽማግሌው_ከቢቡኝ · መጋቢት 4፣ ጠዋት 1፡20

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ የግብርና ባለሙያ ነኝ። የእኛ ቢቡኝ ለቆሮሶ ብርድ ነው፤ ከ20 ዲግሪ በታች የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ዓሣ አላረባሁም፤ ግን በቆላማው ወረዳ ስሠራ ኩሬ አይቻለሁ።

ያኔ መለኪያ አልነበረንም። እጃችንን እስከ ክርናችን ውሃ ውስጥ እናስገባ ነበር። መዳፍህ ከታየህ ውሃው ቀጭን ነው፣ ኩስ ይጨመር። ክርንህ ውሃ ሳይነካ መዳፍህ ከጠፋብህ ውሃው ወፍሯል፣ ኩሱ ይቁም። ልጄ መራዊ ዳር፣ ዛሬ ይህን አድርግና ንገረን። ክንድ ባትሪ አይጨርስም።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። በየሬዲዮው «ሮቦት ያርሳል፣ ሮቦት ያርማል» ሲባል እሰማለሁ። እዚህ መድረክ ላይ ስለ መለኪያና ስለ ወረቀት ታወራላችሁ። ሮቦቱ የታለ?

ዋልካ_ደጀን · መጋቢት 4፣ ቀን 6፡10

ስለ ሮቦቱ እመለስበታለሁ ጋሼ። አስቀድሜ መራዊ ዳር ለጠየቀው የአፈር ጉዳይ ልመልስ፤ ዓሣውን ለእህታችን ትቻለሁ።

ወንድሜ፣ የስንዴው ማሳህ ታችኛው ጫፍ ቀይ አፈር ነው ወይስ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር)?

መራዊ_ዳር · መጋቢት 4፣ ቀን 6፡45

ላይኛው ቀይ ነው። መለኪያው ያለበት ታችኛው ረባዳ ዋልካ ነው። የተከልኩት ጥር ላይ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ሳለ ነው።

(ጋሼ፣ ክንዴን አስገብቼ አየሁ። የእጅ ሰዓቴ ውሃ ሳይነካው መዳፌ ጠፋ።)

ዋልካ_ደጀን · መጋቢት 4፣ ቀን 8፡30

እንደ ጠረጠርኩት ነው።

እነዚህ ርካሽ ምላስ መሳይ መለኪያዎች ውሃን በቀጥታ አይለኩም። የሚለኩት በምላሱ ዙሪያ ያለው ነገር የኤሌክትሪክ መስክን ምን ያህል እንደሚያጠራቅም ነው። አየር 1 ነው፣ ደረቅ አፈር ከ3 እስከ 5፣ ውሃ 80 ገደማ። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ ዘዴው ይሠራል። ነገር ግን ምላሱ የሚያየው ከራሱ ጥቂት ሚሊሜትር ወይም አንድ ጣት ያህል ብቻ ርቆ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከምላሱ ይሸሻል፣ በመካከል ስንጥቅ ይፈጠራል። ውሃ ስትለቅ ላዩ ያብጥና ይዘጋል፤ ከሥር ያለው ክፍተት ግን አየር እንደ ያዘ ይቀራል። መለኪያህ አየሩን እያየ ነው «ደረቅ ነው» የሚልህ። አልዋሸም፤ ያለበትን ነው የነገረህ።

ንቀለው። ከዚያው ጉድጓድ የወጣውን አፈር በውሃ በጥብጠህ እንደ አብሲት ቀጠን አድርገውና ጉድጓዱ ውስጥ አፍስሰው፤ ከዚያ ምላሱን እዚያ ውስጥ አጥልቀው። ሦስት አራት ቀን ሳይነበብ ይቆይ።

በመቀጠል ከአፈርህ ጋር አስተዋውቀው። የፋብሪካው ሒሳብ የተሠራው በአንተ አፈር አይደለም። ከመለኪያው አጠገብ 100 ግራም እርጥብ አፈር ወስደህ በወርቅ ሚዛን መዝነው። በትክክለኛው አሠራር በ105 ዲግሪ ምድጃ ለ24 ሰዓት ይደርቃል፤ እኔ እናቴን አስፈቅጄ በአሮጌ ምጣድ ላይ እያማሰልኩ፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ አደርቀዋለሁ። 74 ግራም ከቀረህ 26 ግራም ውሃ ነበረው ማለት ነው፤ 26 ለ74 ሲካፈል 35 በመቶ። (ይህ በክብደት ነው፤ መለኪያህ በይዘት የሚናገር ከሆነ በአፈሩ እፍጋት አባዛው።) በእርጥቡም፣ በመካከለኛውም፣ በደረቁም ቀን ይህን ብትደጋግም የራስህ ሠንጠረዥ ይኖርሃል። እናቴ ምጣዱን ከዚያ ወዲህ አልፈለገችውም፤ ሌላ ገዛሁላት።

ለመስኖ ውሳኔ ግን እንዲያውም ቁጥር ባይኖር ይሻላል ባይ ነኝ። አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ በሦስት ጥልቀት ተቀብሮ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ መብራት የሚናገር መሣሪያ አለ። ሰማያዊ ርጥብ፣ አረንጓዴ መካከለኛ፣ ቀይ ደረቅ። ከዚያው አገር የመጣ ሌላም አለ፤ የሚቀበር ቀፎ ነው፣ ውሃው ወርዶ ሲደርስበት ከላይ ያለችው ጠቋሚ ብቅ ትላለች። ባትሪም የለው። እንዲህ ያለው ቆጋ ላይም ተሞክሯል። ጠቋሚዋ ብቅ ስትል ውሃውን ለጎረቤት ትለቃለህ፤ አለቀ። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ በታቀደ ግድብ ላይ፣ ላይኛው ሰው ከሚገባው በላይ ሲያጠጣ ታችኛው በተራው ቀን ደረቅ ቦይ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ነገሩ የአንተ ስንዴ ብቻ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባለብዙ ሹል «ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም ለኪ» የሚባለውን እንዳትገዛ። ጎረቤቴ ገዝቶ አመጣልኝ። አንድ ባልዲ አፈር አርጥበን ለካን። ከዚያ አንድ እፍኝ የገበታ ጨው ውሃ ውስጥ አሟምተን አፈሰስንበትና እንደገና ለካን፤ ናይትሮጅኑም፣ ፎስፈረሱም፣ ፖታሲየሙም አብረው አሻቀቡ። ጨው ውስጥ ሦስቱም የሉም። መሣሪያው የለካው አፈሩ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው፤ ሦስቱን ቁጥሮች ከእሱ ገምቶ ነው የሚጽፋቸው። እኛ ዘንድ ቀዩ አፈር ኮምጣጣ ሲሆን ፎስፈረሱ አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ በብረትና በአሉሚኒየም ይታሰራል፤ ተክሉ አያገኘውም። ለዚያ ላቦራቶሪና ኖራ ነው የሚያስፈልገው።

ካርታ_ሠሪ · መጋቢት 4፣ ምሽት 1፡05

ሁሉም ሰው መሬት ውስጥ ብረት እየቀበረ ለምን ይደክማል? ሳተላይት አለ። ሴንቲኔል 2 በየአምስት ቀኑ ያልፋል፣ ምስሉ በነፃ ነው፣ የሰብሉን ልምላሜ ያሳያል። አኳክሮፕ የሚባለው የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሞዴልም በነፃ ነው፤ ጤፍ ሳይቀር በውስጡ አለ። የአየር ሁኔታና የአፈር መረጃ ስጠው፣ መቼ ማጠጣት እንዳለብህ ይነግርሃል።

ዋልካ_ደጀን · መጋቢት 4፣ ምሽት 1፡40

ምስሉ አንዱ ነጥብ 10 በ10 ሜትር ነው። አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው፤ 25 ነጥብ። ዳር ዳር ያሉት ከጎረቤት ማሳ፣ ከድንበሩ ሣርና ከባሕር ዛፉ ጥላ ጋር ይቀላቀላሉ። ማሳው ቀጭንና ረጅም ከሆነማ ንጹሕ ነጥብ ስንት ይቀርሃል? ደግሞም ሐምሌና ነሐሴ፣ ጤፉና በቆሎው ሜዳ ላይ ባለበት ጊዜ፣ የጎጃም ሰማይ ለስንት ቀን ነው የሚከፈተው? ሳተላይቱ ያልፋል፤ የሚያነሣው ግን ደመናውን ነው።

ካርታ_ሠሪ · መጋቢት 4፣ ምሽት 2፡20

ስለ ክረምቱ ልክ ነህ፤ እዚያ ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር ያለው ሳተላይት ያስፈልጋል፣ እሱን መተርጎም ደግሞ ከባድ ነው። ለበጋ መስኖ ግን ሰማዩ ክፍት ነው። እኔ በማሳ ደረጃ ሳይሆን በቦይ ደረጃ ነው የማየው፤ የትኛው ሰፈር ውሃ እየተረፈው፣ የትኛው እየተጠማ እንደሆነ። ሞዴልም እንደዚያው ነው። የስንዴ ዋግ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ተመልከት፤ የመስክ ቅኝትን ከነፋስ ትንበያ ጋር አዳምሮ የዋጉ ብናኝ በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ከቀናት በፊት ይጠቁማል። ያንን አንድ ገበሬ በማሳው ላይ በተከለው ብረት ሊያውቀው አይችልም።

ዋልካ_ደጀን · መጋቢት 4፣ ምሽት 2፡30

በዚህስ ተስማምተናል።

ሰነፍ_ገበሬ · መጋቢት 4፣ ምሽት 3፡00

ዓሣውን ጠብሶ መብላት አይቀልም?

መራዊ_ዳር · መጋቢት 5፣ ጠዋት 1፡30

ወንድሜ፣ የሞተውን አልበላም፤ ያልሞተው ደግሞ ለሁዳዴ ገበያ ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የምጨነቀው።

የሌሊቱን ልንገራችሁ። ከፍታውን አስተካክዬ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ለካሁ፤ 6.4። አራት ሰዓት ላይ 4.9። በሦስት ሰዓት 1.5፣ በሰዓት ግማሽ ሚሊግራም ወረደ። የልጄን የሒሳብ ደብተር ወስጄ አሰመርኩት፤ ንጋት 12 ሰዓት ላይ 0.9 ላይ ያርፋል። እውነቱን ለመናገር አላመንኩም። ጋቢዬን ደርቤ ወረድኩ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ለካሁ። በደብተሩ መስመር መሠረት 1.4 መሆን ነበረበት፤ መለኪያው 1.6 አለ። በባትሪ ብርሃን ሳይ የኩሬው ገጽ በሙሉ አፍ ብቻ ነበር። ድምፁም ይሰማል፤ ሕፃን ጡት ሲጠባ እንደሚሰማው ዓይነት።

ፓምፔ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ስለሆነ በሌሊት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ባለሁለት ሺህ ሊትሩን የውሃ ታንከር ቀን ላይ ሞልቼ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ አድርጌዋለሁ፤ በተበሳ ቧንቧ ሌሊት እንደ ዝናብ እንዲወርድ። ዛሬ ሌሊት ለቀቅሁት። ዛሬ የሞተው ሁለት ብቻ ነው።

የጣና_ልጅ · መጋቢት 5፣ ቀን 5፡10

ጎበዝ! ግን እንዳትዘናጋ። ኩሬህ 150 ሺህ ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር ለእሱ ጠብታ ነው። ያዳነህ ኩሬው በሙሉ ስለተሻሻለ አይደለም፤ ቧንቧው አጠገብ መሸሸጊያ ስለፈጠርክላቸው ነው። ዓሦቹ እዚያ ጥግ ተሰብስበው አልነበረም? ዋናው ሥራ ኩሱን ማቆምና በቦዩ ተራህ ከኩሬው ውሃ ሲሶውን መቀየር ነው። የሚወጣውን ውሃ ለስንዴው ስጠው፤ ማዳበሪያ ነው።

ለወደፊቱ ደግሞ ጥቂት አምባዛ ጨምርበት። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ይችላል፤ ከመጠን በላይ የሚፈለፈሉትን የቆሮሶ ጫጩቶችም ይለቃቅምልሃል።

መራዊ_ዳር · መጋቢት 5፣ ቀን 6፡00

ልክ እንዳልሽው እዚያው ጥግ ላይ ተጨናንቀው ነበር። እኔ ሁሉም የዳኑ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። 40 ዶሮ ዛሬ ወደ ጓሮ ተዛውሯል፤ ባለቤቴ ስለ መለኪያው ዋጋም የሰማችው በዚሁ ግርግር ነው።

ዋልካ_ደጀን · መጋቢት 5፣ ምሽት 1፡15

ጋሼ፣ የሮቦቱን ጥያቄዎን አልረሳሁም።

በሆላንድ ላም የሚያልብ ሮቦት በ1992 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለገበያ ቀርቧል። በኖርዌይ የሳልሞን መረብ ውስጥ ገብቶ ዓሣው ላይ የተጣበቀውን ቅማል በካሜራ ለይቶ በሌዘር የሚያቃጥል መሣሪያ አለ። እነዚህ የተሠሩት የሰው ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ነው። አራሚው ሮቦት ደግሞ ሰብሉ በመስመር መዘራቱን ይፈልጋል፤ «በመስመሩ ላይ ያለው ሰብል ነው፣ ከመስመሩ ውጭ ያለው አረም ነው» ብሎ ነው የሚጀምረው። የእኛ ጤፍ በብተና ይዘራል። አረሙም ራሱ ሣር ነው፣ ጤፉም ሣር ነው። በለጋነታቸው ካሜራው ይቅርና እኔም በደንብ ካልጎነበስኩ አልለያቸውም።

ለእኛ የሚቀርበው ሮቦት የታንከሩ ተንሳፋፊ ቡሽ ነው፤ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። መራዊ ዳር የጎደለው ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቧንቧውን የሚከፍት ባለሰዓት መክፈቻ ነው። በትንሽ ባትሪ ይሠራል፤ ኔትወርክም አይፈልግም።

ሽማግሌው_ከቢቡኝ · መጋቢት 5፣ ምሽት 2፡00

ተንሳፋፊው ቡሽ ሮቦት ከሆነ እኔ ከ30 ዓመት በፊት ሮቦት ገጥሜአለሁ ማለት ነው። ለልጅ ልጆቼ እነግራቸዋለሁ።

መራዊ_ዳር · መጋቢት 14፣ ምሽት 2፡30

ዘግይቼ መጣሁ። ከመጋቢት 8 ወዲህ አንድም ዓሣ አልሞተብኝም። ትናንት ሌሊት 11 ሰዓት 3.8 ነበር፤ መስመሩ 3.5 ብሎኝ ነበር። መዳፌ አሁን የሚጠፋው ከክርኔ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ነው። ባለሰዓት መክፈቻውም ተገጥሟል፤ ያለ እኔ ይከፍታል፣ እኔ ግን እስካሁን እየተነሣሁ አያለሁ።

የአፈሩንም በጭቃ በጥብጬ መልሼ ተክዬዋለሁ። ከአራት ቀን በኋላ ከ«ደረቅ» ወደ «እርጥብ» ዞረ። የምጣዱን ሥራ ግን ገና ፈቃድ አላገኘሁም።

አዲስ ችግር አለ። የኦክስጅን መለኪያውን ኩሬው ውስጥ በቋሚነት ለመተው አስቤ ገመዱን በዶሮ ቤቱ ርብራብ ሥር አሳልፌው ነበር። ዛሬ ጠዋት ዓይጥ ሁለት ቦታ በልቶት አገኘሁት። ገመዱን በምን ትሸፍናላችሁ?